ጠዋት የማትጨሰው መኪና

ጥቅምት 4

ይድረስ ለአጎቴ፣

ለመሆኑ ጋሼ፣ መኪና ከኋላዋ ሰማያዊ ጭስ ባወጣች ቁጥር ሰው ሁሉ «ሞተሩ አለቀለት» የሚለው አውቆ ነው ወይስ አፉ ለምዶበት? ከሰላምታ በፊት ጥያቄ በማስቀደሜ አይቀየሙኝ፤ ጥያቄው ቁጭ ብድግ እያደረገኝ ነው።

ወገብዎ እንዴት ነው? ብርዱስ ተሻለ? እኛ ከአሮጊቷ በቀር ሁላችንም ደህና ነን። አሮጊቷ የምልዎት ያቺን ሚኒባስ ነው፤ ከመሄድዎ በፊት በእጅዎ ገጣጥመው ለእማዬ የሰጧትን። እማዬ ዛሬም ተማሪዎች ታመላልስባታለች። ወደ ትምህርት ቤቱ የሚወስደውን ረጅም ቁልቁለት ያስታውሱታል አይደል? እማዬ እግሯን ከነዳጅ አንስታ ትወርዳለች። ታች ድልድዩ ጋ ደርሳ መልሳ ስትረግጥ ግን ከኋላ የሚወጣውን ጭስ ቢያዩት! ልጆቹ «ደመና መጣ!» እያሉ ያጨበጭባሉ። የአንዷ ልጅ አባት ግን አላጨበጨበም። በሩ ላይ ቆሞ፣ አፍንጫውን በክራቫቱ ሸፍኖ፣ «ይሄ ነገር ምርመራ ያልፋል?» አላት።

ዓመታዊው ምርመራ የካቲት መጀመሪያ ላይ ነው። ካላለፈች ትምህርት ቤቱ ሌላ መኪና እንደሚይዝ ቁርጡን ነግሮናል። እማዬ ደግሞ ከዚህ ሌላ ሥራ የላትም።

ከኛ በታች ያለውን ጋራዥ የያዘው ሰውዬ፣ የማያውቀው ነገር ስለሌለ ሰፈሩ «ፕሮፌሰሩ» የሚለው፣ ኮፈን ሳይከፍት ከወንበሩም ሳይነሳ ፈረደባት። «ፋሻ ነው» አለኝ። «ፒስቶኑን የከበቡት ቀለበቶች ተበልተዋል። ሞተሩ ወርዶ እንደ አዲስ ይሠራል፤ ካልሆነ ለቆርቆሮ ገዢ ነው።»

«ሳያዩት?»

«እኔ ጭስ የማነበው በአፍንጫዬ ነው። አንቺ መጽሐፍሽን አንብቢ።»

መጽሐፌንማ አነበብኩ። የመካኒካል ምህንድስና ዲግሪዬን ይዤ ከቢሮ ቢሮ ስዞር እስካሁን የተበላው የጫማዬ ሶል ነው። አንድ ቦታ ቁጭ ማለት አቅቶኛል ጋሼ። ባለፈው በስልክ «አንድ ቀን ጋራዤን መጥተሽ ታያለሽ» ብለውኝ ነበር። ያቺ አንድ ቀን መቼ ናት? የጥሪ ደብዳቤ ቢልኩልኝ ፓስፖርቴ ዝግጁ ነው። እማዬም «ሂጂ» ብላኛለች። ደጋግማ ነው ያለችኝ።

ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልኝ።

የእህትዎ ልጅ፣ ብሎንዎ

ጥቅምት 28

ለብሎኔ፣

እጅሽን ዘይት ይንካው እንጂ እንባ አይንካው። ይህን ስም ያወጣሁልሽ ገና ሁለት ጥርስ ሳለሽ ብሎን ከአፍሽ ሳወጣ ነበር፤ ይኸው አድገሽ ሞተር ጠየቅሽኝ። እንኳንም በስልክ አልሆነ። በስልክ ቢሆን «ደህና ነው፣ ደህና ነው» ብዬ እዘጋው ነበር። እዚህ መንገዱም ቤቱም ጸጥ ያለ ነው፤ ሰው በወረቀት ሲያወራኝ ይሻለኛል።

ፕሮፌሰር የምትዪው ያ ጎማ ሲነፋ የነበረው ልጅ ከሆነ ሰላም በይልኝ። ፋሻ ሊሆን ይችላል። ሊሆን ይችላል ማለት ግን ነው ማለት አይደለም። ነጭ ጭስ ውሃ ነው። ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቶበታል። ሰማያዊው ግን ዘይት ነው፤ የማይገባበት ገብቶ እየነደደ ነው። ከየት ገባ? ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ከታች ከሆነ ፋሻው ነው። ከላይ ከሆነ ደግሞ የቫልቮቹ ጎሚኒ ነው። እያንዳንዱ ቫልቭ አንገት ላይ እንደ ቆብ የተደፋች ትንሽ ጎማ አለች፤ ዘይቱ ወደ ታች እንዳይወርድ ጠርጋ የምትመልሰው እሷ ናት። ሙቀትና ዕድሜ ያደርቋታል፤ ከደረቀች ታሳልፋለች። ጎሚኒ ከሆነ ሞተሩ አይወርድም። አሮጊቷም ለቆርቆሮ ገዢ አትሄድም።

የቁልቁለቱን ነገር መጻፍሽ ደስ ብሎኛል። እግር ከነዳጅ ሲነሳ ሞተሩ ወደ ውስጥ አጥብቆ ይስባል፤ ዘይቱን በደረቀው ጎሚኒ በኩል ይጠጣዋል። ሲረገጥ ይተፋዋል። ይህ ለጎሚኒ የሚመሰክር ነው። አንድ ምስክር ግን አይበቃኝም። ሌላው ጠዋት ነው። ቆማ ስታድር ዘይቱ ጠብ ጠብ እያለ ቫልቮቹ ላይ ይጠራቀማል፤ ቁልፉ ሲዞር አንዴ ቡፍ ብሎ ይወጣና ይጠፋል። እሱን እይልኝ። ካንዴላዎቹንም ፈትተሽ የአራቱን ሲሊንደሮች ግፊት ለኪ።

ደግሞ ስትጽፊ ድምፅዋን አትርሺ። ስትነሳ ምን ትላለች? አሁንም በብርድ ታስነጥሳለች? እኔ ሁልጊዜ «ይማርሽ» እላት ነበር፤ እናትሽ ትስቅብኝ ነበር።

አጎትሽ

ኅዳር 10

ይድረስ ለአጎቴ፣

የላኩት ምርቃት ደርሷል፤ ዘይቱ ነክቶኛል፣ ጥፍሬ ሥር ገብቶ አልወጣም ብሏል። እርስዎንም ብርዱ ይራራልዎት።

የግፊት መለኪያውን ከፕሮፌሰሩ ለመዋስ ያየሁትን አሳር አይጠይቁኝ። «ዲግሪሽ መለኪያ የለውም እንዴ?» አለኝ። ደንበኞቹ ሁሉ እስኪስቁ ጠብቆ ሰጠኝ። ለካሁ። አራቱም ሲሊንደሮች ጤነኛ ናቸው፤ አንዱ ከሌላው የሚለየው ለወሬ አይበቃም። ቁጥሩን ወስጄ ሳሳየው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«መለኪያው ተበላሽቷል።»

«የርስዎ መለኪያ እኮ ነው!»

«ለዚያ ነው የማውቀው።»

እስከዚህ ድረስ በደስታ እየዘለልኩ ነበር። ጠዋቱ ግን ጉድ ሠራኝ። ቁርስ በልተን ተማሪዎቹን ልትጭን ስትነሳ ሳምንቱን ሙሉ ከኋላዋ ተንበርክኬ፣ ነጭ መሀረብ ጭስ ማውጫዋ ጋ ይዤ ጠበቅኩ። ጋሼ፣ ምንም የለም! ቡፍ የለ፣ ሽታ የለ፤ መሀረቡ እንደ ነጭነቱ ነው። ድምፅዋን ብለውኝ ነበር፤ አታስነጥስም። ቁልፉ ገና ከመዞሩ ትነሳለች። ጨዋ ሆናለች።

ስለዚህ አንዱ ምስክር ለኛ፣ አንዱ በኛ ላይ ሆነ። መጽሐፌን ሁለት ጊዜ አገላበጥኩት። ሌላው የሚገርመኝ የእማዬ ነገር ነው። እኔ ስብከነከን እሷ አንዳች አይሞቃት አይበርዳት። «አርፈሽ ቁርስሽን ብዪ። ምን ሆነችና? አንቺ የጉዞሽን ነገር አስቢ» ትለኛለች። ስለ ጉዞ ካነሳን፣ ባለፈው ስለ ጥሪው ምንም አላሉኝም። ረስተውት ይሆናል ብዬ ነው። በየቢሮው በር ላይ ስሜን ከማስመዝገብ እርስዎ ጋራዥ ወለል ብጠርግ ይሻለኛል፤ የእውነቴን ነው።

ብሎንዎ

ታኅሣሥ 5

ለብሎኔ፣

ቆየሁብሽ። ደብዳቤሽን ኪሴ ይዤው ከረምኩ፤ ከሥራ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ አውጥቼ አነበዋለሁ፣ መልሼ አጥፈዋለሁ። አልገጥም አለኝ። ግፊቱ ጤነኛ ከሆነ ፋሻው ጤነኛ ነው። ቁልቁለቱ ጎሚኒ ይላል። ጠዋቱ ግን ይክዳል። ሞተር ደግሞ ዓይን አፍጥጦ አይዋሽም።

አንድ ነገር ግን አላመንኩሽም። አሮጊቷ ቆማ አድራ ሳታስነጥስ ተነስታ አታውቅም። ገና ከእጄ ሳትወጣ፣ አዲስ ካንዴላ ገብቶላት እንኳ ታስነጥስ ነበር፤ ጠባይዋ ነው። ሰው ጠባዩን እንዲህ በአንድ ክረምት አይጥልም፣ መኪናም እንደዚያው። ነገ ቁልፍ ከመዞሩ በፊት ኮፈኑ ላይ እጅሽን አሳርፊ። ሌላ ምንም አታድርጊ።

ሽታውንም ጻፊልኝ። ቁልቁለቱ ሥር የሚወጣው ጭስ ምን ምን ይላል? እንዲያው ላስታውሰው ብዬ ነው።

ሌላውን ሌላ ጊዜ እንጫወታለን። እናትሽን ሳሚልኝ።

አጎትሽ

ታኅሣሥ 16

ይድረስ ለአጎቴ፣

ኮፈኑ ትኩስ ነበር!

ሰላምታ ይቆየኝ። ገና ከቤት ንቅንቅ ሳትል፣ ፀሐይም ግቢውን ሳትረግጥ፣ እጄን ባሳርፍ ኮፈኑ ከእንቅልፉ እንደተነሳ ሰው ይሞቃል። እኔ ሳምንቱን ሙሉ መሀረብ ይዤ ስንበረከክ አንድ ቀን እንኳ እጄን ማሳረፍ አልመጣልኝም። መጽሐፉ ላይ የለም መሰለኝ።

በማግስቱ ወፍ ሳይንጫጫ ተነስቼ በኩሽናው መስኮት ተደብቄ ጠበቅኩ። በመጀመሪያ እማዬ በካልሲ ወጣች። ቀጥላ የግቢውን በር ከፈተችው፤ አልተንሲያጠጠም፣ ለካ ማጠፊያውን ዘይት ቀብታዋለች። ከዚያ ከጎረቤት በኩል ሌላ ሰው መጣ። ሌባ ነው ብዬ የመጥረጊያ እንጨት አንስቼ ነበር። አጣቢዋ ናት! ከግድግዳው ወዲያ የምትኖረው፣ ለእንግዳ ማረፊያዎች አንሶላ የምታጥበው እትዬ። ሁለቱ ትከሻቸውን አስደግፈው አሮጊቷን ሳያስነሱ ገፍተው አወጧት። ቁልቁል ለቀቋት፤ እማዬ ሮጣ ተሳፈረች።

ተከተልኳቸው። ከመንገዱ መጨረሻ፣ ባዶው ቦታ ያለው አጥር ሥር ስደርስ እማዬ ቁልፉን አዞረች። አሮጊቷ አስነጠሰች፤ አንዴ፣ ሁለቴ። ከዚያ ያ ጭስ! አጥሩን ዋጠው። ሁለቱ በቀሚሳቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው እንደ ሰርቆ አደር ቆመው ሲያሳልሱ፣

«እማዬ!» ብዬ ጮህኩ።

አጣቢዋ ዘላ ጎማው ላይ ልትወጣ ምንም አልቀራት። «ውይ ገደልሽኝ! ሰው ኮቴ የለውም እንዴ?»

«ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«አንሶላዋ እየጠቆረባት ነው» አለች እማዬ፣ ፊቷን ወደ መሪው አዙራ። «ጎረቤት እኮ ናት። ምን ላድርግ?»

«እኔ ላይ አታላክኪ!» አለች አጣቢዋ። «አንሶላዬንማ ወደ ጓሮ ካዞርኩት ቆየሁ። ይልቅ እውነቱን ንገሪያት። እኔ ለውሸትሽ ወገቤን መቁረጥ ሰልችቶኛል።»

እማዬ ሞተሩን አጠፋች። «የቁልቁለቱን ጭስ አይተሻል፤ ጠዋትም ታማለች ካልኩሽ አትሄጂም» አለችኝ። «አውቅሻለሁ። 'ትሻልና እሄዳለሁ' ትያለሽ፣ ትቀሪያለሽ። እስክትሄጂልኝ ጠዋት ጠዋት እዚህ ድረስ ገፍቼ፣ ጭሷን አስተፍቼ ብመልሳት ምን አለበት?»

«ምርመራውስ?»

«ያኔ አንቺ የለሽማ።»

ጋሼ፣ መናደድም መሳቅም መጣብኝ። የጠፋው ምስክር ይኸው ነው፤ ክዶ ሳይሆን ደብቀውት ነው! ጎሚኒ ነው! እዚያው ጭሱ መሃል ጨፈርኩ፤ ሁለቱ አበደች ብለው ተያዩ። ሽታውን ጠይቀውኝ ነበር፤ የተረሳ መጥበሻ ላይ የቀረ ዘይት፣ ትንሽ የተቃጠለ ጎማም አለበት። ለሰዓታት ከሹራብ አይወጣም።

አሁን ሁለት ነገር እለምንዎታለሁ። ለዚህ ሞተር የሚሆን ጎሚኒ በየሱቁ ፈልጌ አጣሁ፤ እዚያ አይጠፋምና ይላኩልኝ። ሁለተኛው የጥሪው ነገር ነው። እማዬ በካልሲ ወጥታ መኪና የምትገፋው እርስዎ ይጠሩኛል ብላ ነው። ስለዚህ ይመጣል ወይስ አይመጣም? «አይመጣም» ቢሉኝም እችለዋለሁ። ዝምታውን ነው ያልቻልኩት።

ብሎንዎ

ጥር 4

ለብሎኔ፣

አውቶቡስ ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ቦታ ቀየረ። እህቴ በካልሲ! ልጅ ሳለችም ድስት ሰብራ ስብርባሪውን ትራሷ ሥር ነበር የምትደብቀው።

ጎሚኒዎቹን ለእረፍት ወደዚያ በምትመጣ ነርስ ልኬልሻለሁ። አሁን በደንብ ስሚኝ። ቴስታታው፣ የሞተሩ ራስ፣ አይነሳም። ላዩን ክዳን አንስተሽ፣ ቫልቮቹን የሚረግጡትን ክንዶች ፈትተሽ በተራቸው ደርድሪ፤ የአንዱ ቦታ ለሌላው አይሆንም። የሚያስፈራው ቫልቩ ወደ ላይ የሚይዘው ሞላ፣ ስፕሪንጉ፣ ሲነሳለት ሲሊንደሩ ውስጥ ሊወድቅ መቻሉ ነው። ከወደቀ ያኔ የፕሮፌሰሩ ቃል ይፈጸማል፤ ቴስታታው ይወርዳል። እንዳይወድቅ ገመድ ይያዝለታል። ፒስቶኑ ታች ሳለ፣ ለስላሳና ያልተተረተረ ገመድ በካንዴላው ቀዳዳ አስገቢ፤ ጫፉን ውጭ ተይው። ከዚያ ሞተሩን በእጅ ቀስ ብለሽ አዙሪ። ፒስቶኑ ሲወጣ ገመዱን ወደ ላይ ይጠቀጥቀዋል፤ ገመዱ ለቫልቮቹ ትራስ ይሆናል። ሲቆምብሽ አታስገድጂው።

ሞላውን ስትጫኚ ሁለት ግማሽ ቀለበት የመሰሉ ቁልፎች ይወጣሉ፤ ከምስር ብዙም አይበልጡም። መብረር ይወዳሉ። ከመጀመርሽ በፊት የዘይት መውረጃ ቀዳዳዎችን ሁሉ በጨርቅ ድፈኚ። አሮጌውን ጎሚኒ በፒንሳ ጎትቺ፤ አዲሱን ዘይት ቀብተሽ በእኩል ግፊት አስቀምጪ፤ «ጠቅ» ሲል እጅሽ ያውቀዋል። እጅ ይህን አይረሳም።

ስለ ጥሪው የጠየቅሽኝን አንብቤዋለሁ።

አጎትሽ

ጥር 20

ይድረስ ለአጎቴ፣

እጅዎ ይባረክ፤ ጎሚኒዎቹ ገብተዋል። በቅደም ተከተል ልንገርዎት፣ አለዚያ ይምታታብኛል።

ገመድ ያገኘሁት ከማን ይመስልዎታል? ከአጣቢዋ። አንሶላ የምትሰጣበትን አዲሱን የጥጥ ገመድ ፈትታ አመጣችልኝ። «ለሞተር አፍ ትራስ» ብላት «ሂጂ ወዲያ! ትራስም አማረሽ?» አለችኝ፤ ግን ቆማ ጫፉን ያዘችልኝ። እማዬ ሞተሩን በብሎን መፍቻ ቀስ እያለች ታዞራለች፣ እኔ ገመዱን አስገባለሁ። ፕሮፌሰሩም ወንበሩን ተሸክሞ መጥቶ ግቢያችን ውስጥ ተቀመጠ። «የመጣሁት ቫልቩ ሲወድቅ ለማየት ነው» አለ በግልጽ።

አልወደቀም። ፒስቶኑ ሲወጣ ገመዱ ጥቅጥቅ ብሎ ያዘ፤ እማዬ «እንቢ አለኝ» ስትል «በቃ፣ አታስገድጂው!» አልኳት። የመጀመሪያው ጎሚኒ በፒንሳ ሲወጣ እጄ ላይ ተሰባበረ፤ ጎማ ሳይሆን የደረቀ የዳቦ ቅርፊት ነው የሚመስለው። ፕሮፌሰሩ አንዱን ስባሪ አንስቶ በጥፍሩ ፈረፈረው። ወንበሩንም ቀረብ አደረገ።

ሦስተኛው ሲሊንደር ላይ ስንደርስ ከነዚያ ምስር ከሚያካክሉት ቁልፎች አንዱ በረረ። ሁላችንም ደርቀን ቀረን። ሞተሩ ውስጥ ገብቶ ከሆነ አለቀልን። ጨርቆቹን አንድ በአንድ አነሳሁ፤ የለም። እማዬ ነጠላ ጫማዋን አራገፈች፤ የለም። ፕሮፌሰሩ፣ ያ ከወንበሩ የማይነሳው ሰውዬ፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ ከሞተሩ ሥር ሲዳብስ ማየት ነበረብዎት! «መነጽሬን ባመጣው» እያለ ይራገማል። በመጨረሻ አጣቢዋ «እኔ ሥራ አለኝ» ብላ ይዛ ከመጣቻቸው የታጠፉ አንሶላዎች አንዱን አንስታ ስታራግፍ፣ ቁልፉ ሲሚንቶው ላይ ቅጭል አለ። ፕሮፌሰሩ ቀድሞ ረገጠው፤ እንዳያመልጥ ነው።

ገጥመን አስነሳናት። ጨሰች! ከበፊቱ ብሳ ጨሰች። ፕሮፌሰሩ አየኝና፣ ይስቃል ብዬ ስጠብቅ፣ «ማርሚታው ውስጥ፣ የጭስ ማውጫው ሆድ ውስጥ የከረመው ዘይት ነው የሚነደው። ዳገቱን ውጪባትና ፍርዱን ለነገ ጠዋት ተዪው» አለኝ። እማዬ ዳገቱን አወጣቻት።

በማግስቱ አጣቢዋ ከሁሉ ነጩን አንሶላ ግቢያችን ውስጥ፣ ከጭስ ማውጫዋ ፊት ለፊት ሰቀለችው። «ዛሬ መርማሪዋ እኔ ነኝ» አለች። እኔ ኮፈኑ ላይ እጄን አሳረፍኩ፤ እንደ ውሃ ይቀዘቅዛል። እማዬ ጫማ አድርጋ፣ በሩን በሰፊው ከፍታ፣ ቁልፉን አዞረች። አስነጠሰች። ተነሳች። አንሶላው ተነፋ፣ ተመለሰ። ነጭ ነው ጋሼ። ነጭ ነው!

ነርሷ ጎሚኒዎቹን ስታመጣ ቁጭ ብላ ተጫውታ ነበር። አንድ አውቶቡስ ላይ እንደምትገናኙ ነገረችን። «አጎታችሁ እነዚህን ነገሮች ፍለጋ ከተማውን አካለለው» አለች። «ባለ ሱቆቹ 'ይሄን ሞተር አሁን ማን ይዞታል?' ይሉታል። አንድ ሽማግሌ ዘንድ፣ አቧራ ከጠጣ ካርቶን ውስጥ አገኘ። እንደ ወርቅ ጠቅልሎ ነው የሰጠኝ።» ሌላም ነገር አለች፤ ስለ ሥራዎ። እማዬ ዓይኗን ወደ ጣሪያ አነሳች።

እኔ አልጠይቅዎትም። ይህን ያህል ግን ልበል፦ እህትና ወንድም ናችሁ። እሷ ጭሷን ገፍታ መንገድ ዳር ወሰደችው፤ እርስዎ ደግሞ የት እንዳደረሱት እርስዎ ያውቃሉ። ምርመራው ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።

ብሎንዎ

የካቲት 2

ለብሎኔ፣

ይኸው ለመጀመሪያ ጊዜ ደብዳቤሽ በደረሰ ማግስት መለስኩልሽ። ነርሷ ምላሷ ረጅም ነው፤ ዕድሜዋንም እንዲሁ ያርዝመው።

ጋራዡ ከተዘጋ ቆይቷል። አሁን የአውቶቡስ ማደሪያ ነው የምሠራው። አውቶቡሶቹ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ናቸው፤ ድምፅ ሳያሰሙ ይመጣሉ፣ ገመድ እሰካባቸዋለሁ፤ ሲሞሉ እነቅላለሁ፣ ድምፅ ሳያሰሙ ይሄዳሉ። ክፉ ሥራ አይደለም። አይከብድም፣ እጅም አያቆሽሽም። ግን ማታ እጄን ልታጠብ ስሄድ የምታጠበው ነገር የለኝም።

ጥሪውን ልጽፍልሽ ብዙ ጊዜ ቁጭ ብያለሁ። «የሥራ ቦታ» የሚለው ጋ ስደርስ የምሞላው አጣለሁ። ጋራዥ ብዬ አንቺን ወለል ጠራጊ ላደርግሽ? የምትጠርጊው ወለል እኮ የለኝም። ደብዳቤሽ ሲመጣ መጀመሪያ የማደርገው ማሽተት ነው፤ ጠርዙ ላይ የጣትሽ ዘይት አለ። ከዚያ በኋላ ነው የማነበው። ድምፅዋን ጻፊ፣ ሽታውን ጻፊ ያልኩሽም ለምርመራው ብቻ አልነበረም።

አሮጌዎቹን ጎሚኒዎች አትጣያቸው። ስባሪም ቢሆን ላኪልኝ።

አጎትሽ

የካቲት 14

ይድረስ ለአጎቴ፣

አለፈች! መርማሪው መለኪያውን ጭስ ማውጫዋ ውስጥ ሰክቶ፣ ቁጥሩን አይቶ፣ እንደገና ሰክቶ፣ «የስንት ዓመት መኪና ናት?» ብሎ እማዬን ጠየቃት። «ዕድሜዋን አይጠይቋት፣ ሴት ናት» አለችው። ትምህርት ቤቱ አስቀጥሏታል። በክራቫቱ አፍንጫውን የሸፈነው አባት «ደመናው የት ሄደ?» አለኝ፤ ሴት ልጁ ግን አኩርፋለች፣ ደመናውን ትወደው ነበር።

ጎሚኒዎቹን ልኬልዎታለሁ፤ በጨርቅ ተጠቅልለው ከደብዳቤው ጋር አሉ። ሳላጥባቸው ነው የላክኋቸው።

አሁን ዋናው ነገር። ሰኞ ጠዋት ፕሮፌሰሩ በራችንን አንኳኳ። የሌላ ሰው መኪና ይዞ ነው የመጣው። «ፋሻ ነው ብዬዋለሁ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ግን እስቲ የዚችንም ጠዋቷን እይልኝ።» አሁን ግቢያችን ውስጥ የሚጨሱ ሦስት መኪኖች ቆመዋል። አንዷ ነጭ፣ አንዷ ጥቁር፣ አንዷን ደግሞ ምን ቀለም እንደምላት አላውቅም። አጣቢዋ አንሶላዋን እንደገና ወደ ጓሮ አዙራለች፤ ግን ገመዱን ትታልናለች።

መሄድ ያማረኝ ነገር አልጠፋም ጋሼ፤ እግሬ አሁንም ይበላኛል። አንድ ቀን እሄድ ይሆናል። ማንም ግን በካልሲ ወጥቶ አይገፋልኝም፣ እርስዎም የሌለ ጋራዥ አይሞሉልኝም። እስከዚያው ግን የጥሪ ደብዳቤ በኛ ቤት ሰው መላክ ስላለበት፣ እኔው ልጻፈው፦

ለሚመለከተው ሁሉ። እኔ የእህታቸው ልጅ፣ አጎቴ ወደ እኛ መጥተው አብረውኝ እንዲሠሩ የጠራኋቸው መሆኔን አረጋግጣለሁ። ማረፊያቸው የእማዬ ጓዳ አጠገብ ያለው ክፍል ነው፤ እማዬ አልጋውን አንጥፋዋለች፣ አንሶላው የጎረቤት ነው። የሥራ ቦታቸው፦ በሩ የማይንሲያጠጥ ግቢ። የሥራው ዓይነት፦ ሰማያዊውን ከማይታወቀው መለየት። እጅ መታጠቢያ፣ ሳሙናና የሚታጠብ ነገር ከኛ።

ፕሮፌሰሩ ይህን ሲሰማ «ጎማ ይነፋልኝ እንደሆነ ይምጣ» ብሏል፤ ነገሩ ናፍቆዎት ነው።

ይመጣሉ ወይስ አይመጡም? «አይመጣም» ቢሉኝም እችለዋለሁ፤ ዝም ግን አይበሉኝ። ጠዋት ጠዋት አሮጊቷ ስታስነጥስ እኔና እማዬ እንተያያለን፤ ቃሉ የርስዎ ነው ብለን አፋችንን ይዘናል። ይጻፉልኝ፤ ከቻሉ ደግሞ አይጻፉ፣ መጥተው «ይማርሽ» ይበሏት።

ብሎንዎ